በቤተሰብ ላይ የሚደርስ ጭንቀትና የልብ ቁስል

መግቢያ



ከጥቂት ጊዜ በፊት በላንጋኖ ሐይቅ ዳር ከየቁምስናው ከመጡ ካቴኪስቶች ጋር የሁለት ቀን ጥናት አድርገን ነበር። የጥናቱ ርእስ ምሥጢረ ተክሊል ነበር። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ስለ ጋብቻ ቃል ኪዳን ስንነጋገር አንድ በዕድሜ የገፉ ካቴኪስት እጃቸውን አነሡና እንዲህ አሉን፦ «አባ፥ ያስተማሩን ሁሉ መልካም ነው። እኔን ግን አንድ ነገር ያስጨንቀኛል። በመንደራችን በሁከቱ ጊዜ ቤታቸው የተቃጠለባቸው ቤተሰብ አሉ። ቤቱ ተሠርቷል፤ ቆርቆሮውም አዲስ ነው። ልጃቸው ግን ዛሬም ማታ በር ሲንኳኳ ከአልጋ ሥር ይገባል። አባትየው ‹ወንድ ልጅ አይፈራም› ብሎ ይቆጣዋል፤ እናትየው ታለቅሳለች፤ ከዚያ ሁለቱ ይጣላሉ። እኔ ሄጄ ምን ልበላቸው?»

በዚያች ሰዓት የሰጠነው መልስ አጭርና ያልተሟላ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው ከልባችን አልወጣም፤ ምክንያቱም ይህ የአንድ ቤተሰብ ጉዳይ ብቻ ስላልሆነ ነው። በመሆኑም በዚህ ጽሑፍ ጭንቀትና የልብ ቁስል ምን እንደ ሆኑ፥ በቤተሰብ ውስጥ እንዴት እንደሚታዩ፥ ቅዱስ መጽሐፍና የአባቶቻችን ልማድ ምን እንደሚያስተምሩን፥ በመጨረሻም እያንዳንዳችን ምን ልናደርግ እንደምንችል በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

1. ጭንቀትና የልብ ቁስል ልዩነታቸው

ጭንቀት የሰው ልጅ ሁሉ የዕለት ጓደኛ ነው። የቤት ኪራይ ሲደርስ፥ ዝናብ ሲዘገይ፥ ልጅ ለፈተና ሲቀርብ እንጨነቃለን። በካናዳ ይሠራ የነበረው ሐንስ ሰልዬ የተባለ የሕክምና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1936 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት፥ ሰውነት ማንኛውም ከባድ ሸክም ሲያጋጥመው ተመሳሳይ መልስ እንደሚሰጥ አመለከተ። ይኸውም አደጋ ሲመጣ ከኩላሊት ራስ ላይ ያሉት ዕጢዎች አድሬናሊን የተባለውን ንጥረ ነገር ወደ ደም ይለቃሉ፤ ልብ በፍጥነት ይመታል፤ ትንፋሽ ያጥራል፤ ጡንቻ ይወጠራል። ሰውነት ወይ ለመታገል ወይ ለመሸሽ ይዘጋጃል። ይህ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፤ ጅብ የመጣበት እረኛ ያለዚህ ኃይል ባላመለጠም ነበር። ችግሩ የሚመጣው አደጋው ካለፈ በኋላ ሰውነት ማረፍ ሲያቅተው ወይም ሸክሙ ሳያቋርጥ ለወራትና ለዓመታት ሲከመር ነው። ያን ጊዜ እንቅልፍ ይጠፋል፤ ጨጓራ ይታመማል፤ ቍጣ ይቀርባል።

የልብ ቁስል ግን ከዚህ የጠለቀ ነው። አንድ ሰው በራሱ ወይም በሚወደው ሰው ላይ ሞት፥ ግድያ፥ ቃጠሎ፥ መደፈር፥ ከባድ አደጋ ሲደርስ በዓይኑ ካየ ወይም በአካሉ ከተቀበለ፥ ያ ነገር እንደ ሌላው ትዝታ ወደ ኋላ ሳይሄድ ሊቀር ይችላል። ያለፈው ነገር እንዳላለፈ ሆኖ ይመላለሳል። ሐኪሞች ይህን ሕመም እ.ኤ.አ. በ1980 ዓ.ም. በአሜሪካ የአእምሮ ሕክምና መዝገብ ውስጥ ራሱን የቻለ ስም ሰጥተው አስገቡት። ምልክቶቹም በአጭሩ የሚከተሉት ናቸው፦ አንደኛ፥ ነገሩ በሕልምም በእውንም ተመልሶ መምጣቱ፤ ሁለተኛ፥ ያንን የሚያስታውስ ቦታን፥ ሰውንና ወሬን መሸሽ፤ ሦስተኛ፥ የልብ መደንዘዝ፥ ራስን መውቀስ፥ ደስታን ማጣት፤ አራተኛ፥ ዘወትር መደንገጥና መበርገግ። እነዚህ ምልክቶች ከአንድ ወር በላይ ከቆዩና የሰውየውን ሥራና ኑሮ ካናጉ እርዳታ ያስፈልገዋል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያጽናና እውነት እንጨምር። ከከባድ አደጋ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ቀናትና ሳምንታት መፍራት፥ ማልቀስ፥ እንቅልፍ ማጣት የተለመደ ነው። አብዛኛው ሰው ወገን ሲያገኝ፥ ሲመገብ፥ ሲያርፍና ደኅንነት ሲሰማው ቀስ በቀስ ይድናል። ይሁን እንጂ ሁሉም አይድንም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ዓ.ም. ባወጣው ግምት መሠረት፥ ባለፉት 10 ዓመታት ግጭት ባየ አካባቢ ከሚኖሩ ሰዎች መካከል ከአምስቱ አንዱ ያህል በአንድ ዓይነት የአእምሮ ሕመም ይቸገራል። ከአምስት አንዱ ማለት በየአንዳንዱ ቤተሰብ ማለት ይቻላል።

2. ያለፍንባቸው ዓመታት

እኛ በስምጥ ሸለቆ ከተሞች የምንኖር ሰዎች ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ በአንድ መንገድ የተያያዝን ነን፤ መልካሙም ክፉውም ነገር በዚያው መንገድ ይደርሰናል። 2012 ዓ.ም.ን እናስታውስ። መጋቢት 4 ቀን በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ ተገኘ፤ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ በላንጋኖ ዳር ያሉ ማረፊያዎች እንግዳ አጡ፤ አስተናጋጁ፥ ጀልባ ቀዛፊው፥ ዓሣ ሻጩ ገቢ አጣ። ይህ ሳያልፍ ሰኔ 22 ቀን ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በአዲስ አበባ ተገደለ። በሐዘኑ ላይ ሁከት ተጨመረ። በሻሸመኔ፥ በዝዋይ፥ በአርሲ ነገሌና በሌሎች ከተሞች ሰዎች ሞቱ፤ ቤትና ሱቅ ተቃጠለ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት ቢያንስ 123 ሰዎች እንደ ሞቱ፥ ከ500 ያላነሱ እንደ ቆሰሉና በሺዎች የሚቆጠሩ እንደ ተፈናቀሉ ገልጿል። ከሟቾቹ መካከል በጎረቤቶቻቸው ፊት የተገደሉ አሉ፤ በጸጥታ ኃይሎች ጥይት የወደቁም አሉ። የእያንዳንዱም እናት እንባ አንድ ነው።

ከጥቂት ወራት በኋላ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜን ጦርነት ተነሣ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያው ስምምነት እስኪፈረም ድረስ ስንት እናት የልጇን ድምፅ ሳትሰማ እንደ ከረመች በየቁምስናችን እናውቃለን። ከዚያም በፊት በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዓረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ወገኖቻችን እንዲመለሱ ሲደረግ፥ ከአርሲና ከሸዋ የሄዱ ብዙ እኅቶች ያዩትን መከራ በልባቸው ይዘው ወደ አባታቸው ቤት ገብተዋል። ብዙዎቹ የተቀበሉት ጥያቄ «ምን ይዘሽ መጣሽ?» የሚል ነበር፤ «ምን ደረሰብሽ?» ያላቸው ጥቂት ሰው ነው።

በእነዚህ ላይ የዕለት ኑሮ ሸክም ይጨመራል፦ በአበባ እርሻ ውላ ማታ ልጅ የምትቀበል እናት፥ የቲማቲም ዋጋ የወደቀበት ገበሬ፥ መኪናው በአደጋ የተሰባበረበት ሾፌር። ትንሹ ጭንቀት በአሮጌው ቁስል ላይ ሲወድቅ ከመጠኑ በላይ ያማል። ባል «በአንድ ብርጭቆ መሰበር ይህን ያህል መጮኽ ምንድን ነው?» ብሎ ይደነቃል፤ ሚስት ግን የጮኸችው በብርጭቆው አይደለም።

3. ቁስሉ በቤት ውስጥ እንዴት ይታያል?

በአባት ላይ፦ ብዙ ጊዜ ሐዘን በወንድ ላይ በሐዘን መልክ አይታይም። ዝምታ፥ ቍጣ፥ ከቤት ውጭ ማምሸት፥ መጠጥና ጫት ሆኖ ይወጣል። ጫት ቀኑን ያስረሳል፤ ሌሊቱን ግን እንቅልፍ ነሥቶ ጭንቀቱን እጥፍ ያደርጋል። መጠጥም እንዲሁ ነው።

በእናት ላይ፦ ራስ ምታት፥ የወገብና የልብ ሕመም፥ ድካም ሆኖ ይመጣል። ወደ ጤና ጣቢያ ትመላለሳለች፤ ምርመራው ምንም አያሳይም። «ምንም የለብሽም» ትባላለች። እርስዋ ግን ሕመሙን አልፈጠረችውም፤ ልብ የተሸከመውን ሰውነት እየተናገረ ነው።

በልጆች ላይ፦ ያቆመ ልጅ እንደ ገና አልጋ ላይ መሽናት ይጀምራል፤ ከእናቱ ቀሚስ አይለይም፤ በትምህርቱ ይደክማል። ሕፃናት ያዩትን በቃል ስለማይገልጹ በጨዋታ ይደጋግሙታል፤ «እሳት እሳት» እየተጫወተ ቤት ሠርቶ የሚያፈርስ ልጅ ክፉ ልጅ አይደለም፤ እየነገረን ነው። ከፍ ያሉት ደግሞ ወይ ዝም ይላሉ ወይ ያምፃሉ።

እንግዲህ የካቴኪስቱን ጥያቄ እንመልከት። ልጁ ከአልጋ ሥር የሚገባው ስለሚፈራ ነው፤ አባትየው የሚቆጣው ልጁን ሲያይ ያችን ሌሊትና ቤተሰቡን ማዳን ያቃተውን ራሱን ስለሚያይ ነው፤ እናትየው የምታለቅሰው ለሁለቱም ነው። ሦስት ሰዎች አንድ ቁስል በሦስት ቋንቋ ይናገራሉ፤ እርስ በርሳቸው ግን አይሰማሙም።

4. ሁለት ቤተሰቦች

ሩበን ሂል የተባለ አሜሪካዊ የቤተሰብ ተመራማሪ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፥ አባታቸው ወደ ጦር ሜዳ ሄዶ የተመለሰላቸውን ቤተሰቦች አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1949 ዓ.ም. አንድ መጽሐፍ አሳተመ። ትምህርቱ ቀላልና ጠቃሚ ነው፦ አንድን ቤተሰብ የሚያፈርሰው የደረሰበት መከራ ብቻ አይደለም። መከራው፥ ቤተሰቡ ያለው ድጋፍና ጉልበት፥ ለመከራው የሚሰጠው ትርጉም፥ እነዚህ ሦስቱ ተጣምረው ውጤቱን ይወስናሉ። መከራውን መመለስ አንችልም። ድጋፉንና ትርጉሙን ግን ልንለውጥ እንችላለን። የቤተ ክርስቲያን ሥራም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ማንነታቸው እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ለውጠን ሁለት ቤተሰቦችን እናንሣ። ሁለቱም በአንድ ሳምንት ሱቃቸውን አጡ። የመጀመሪያው አባት «ያዋረዱኝን አልረሳም» ብሎ ማል፤ ስለ ነገሩ በቤት እንዳይነሣ ከለከለ፤ ከእድሩም ከቤተ ክርስቲያንም ቀረ። ሚስቱ ብቻዋን ተሸከመች። በሦስተኛው ዓመት ትዳሩ ፈረሰ። ሁለተኛው አባት ደግሞ ከሚስቱ ጋር ተቀምጦ ልጆቹን ሰብስቦ «ሱቁ ሄዷል፤ እናንተ አላችሁ፤ እኔም ፈርቻለሁ» አላቸው። ሚስቱ በኋላ እንደ ነገረችን፥ ከሁሉ የጠቀማቸው ያች «እኔም ፈርቻለሁ» የምትለው ቃል ነበረች። አንድ ሙስሊም ጎረቤታቸው በሁከቱ ሌሊት በጓዳው ሸሽጓቸው ነበርና፥ ልጆቻቸው የዚያን ሌሊት ታሪክ ሲያወሩ ስለ እሳቱ ብቻ ሳይሆን ስለ ጓዳውም ያወራሉ። ኑሯቸው ዛሬም ከባድ ነው፤ ቤታቸው ግን ቤት ነው።

5. ቅዱስ መጽሐፍ ምን ያስተምረናል?

ነቢዩ ኤልያስ ንግሥት ኤልዛቤል ልትገድለው በፈለገች ጊዜ ወደ ምድረ በዳ ሸሸ፤ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦም ሞትን ለመነ (1ኛ ነገ. 19)። እግዚአብሔር ለዚህ ታላቅ ነቢይ መጀመሪያ የላከለት ተግሣጽ አልነበረም። መልአኩ ዳሰሰውና እንዲበላ ጋበዘው፤ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፤ ተመልሶም እንዲተኛ ተወው። ሁለተኛ ቀስቅሶ መገበው። ወደ ኮሬብ የላከው ከዚያ በኋላ ነው። ከእንቅልፍና ከእንጀራ በፊት ስብከት እንደማይቀድም ከዚህ እንማራለን።

የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእርሱ ጋር በምድር ላይ ተቀምጠው አንዳች ቃል አልተናገሩም (ኢዮ. 2)። ስሕተታቸው የጀመረው አፋቸውን ከፍተው ምክንያት ሊሰጡት በሞከሩ ጊዜ ነው። ጌታችን ራሱ ትንሣኤ እንደሚሆን እያወቀ በአልዓዛር መቃብር አለቀሰ (ዮሐ. 11)። ወደ ኤማሁስ በሚወስደው መንገድም የሆነውን ሁሉ ከማንም ይልቅ ሲያውቅ፥ ሁለቱን ደቀ መዛሙርት አስቀድሞ ጠየቃቸው፤ ሐዘናቸውን እስከ መጨረሻው ሰማቸው፤ መጻሕፍትን የተረጐመላቸው ከዚያ በኋላ ነው (ሉቃ. 24)።

ይህን የምንጽፈው ራሳችን በዚህ ስለ ተሰናከልን ነው። ገና ከዘርአ ክህነት በወጣንበት ሰሞን፥ ባሏን በመኪና አደጋ ያጣች አንዲት ወጣት እናት ልናጽናና ሄድን። እያለቀሰች ስታገኘን «አይዞሽ፥ አታልቅሺ፤ እግዚአብሔር የወደደውን ወሰደ» አልናት። ሥራችንን የፈጸምን መስሎን ተመለስን። ሴትዮዋ ለሁለት ዓመት ያህል ቤተ ክርስቲያን አልመጣችም። በኋላ ስንጠይቃት እንዲህ አለችን፦ «አባ፥ ያን ቀን ባሌን እግዚአብሔር ነጠቀኝ ብለው ነገሩኝ። ከነጠቀኝ ጋር እንዴት ልነጋገር?» ለዚህ መልስ አልነበረንም፤ ይቅርታ ጠየቅናት። ከዚያን ቀን ጀምሮ በልቅሶ ቤት መቀመጥን ከመናገር አስቀደምን።

እመቤታችንም በኢየሩሳሌም ልጇን ለሦስት ቀን አጥታ ባገኘችው ጊዜ እርስዋና ዮሴፍ በጭንቀት ሲፈልጉት እንደ ነበር በግልጽ ነገረችው (ሉቃ. 2)። በቅድስት ቤተሰብ ውስጥ ጭንቀት ነበረ፤ ጭንቀቱም ተነገረ። ስለዚህ «ጨንቆኛል» ማለት እምነት ማጣት አይደለም።

6. ከአባቶቻችን ያገኘነው ጥበብ

መርዶን እናስብ። አባቶቻችን የሞትን ዜና ለአንድ ሰው በሌሊት ወይም ብቻውን ሳለ አይነግሩም ነበር። ዘመድና ሽማግሌ ተሰብስቦ፥ በማለዳ፥ የሚይዘውና አብሮት የሚያለቅስ ሰው ባለበት ይነገረዋል። የዛሬ ሐኪሞች ክፉ ዜና ስለሚነገርበት መንገድ የሚመክሩት ከዚህ ብዙ አይርቅም። እኛ ግን ዛሬ በባዕድ አገር ላለች እኅታችን የእናቷን ሞት በስልክ መልእክት እንልካለን፤ ሌሊት በሰው ቤት ብቻዋን ታነበዋለች። ይህን እንተው፤ አጠገቧ ያለ ወዳጅ ፈልገን በእርሱ በኩል እናስነግራት።

እድርም ታላቅ ሀብታችን ነው፤ ድንኳን፥ ወንበር፥ ምግብና ሰው ያመጣል። ሆኖም ከሰልስት በኋላ ድንኳኑ ይነሣል፤ ከአርባ በኋላ ጎረቤት ይመናመናል። ሐዘኑ የሚከብደው ግን ብዙ ጊዜ ያን ጊዜ ነው። በየቁምስናው ያሉ ማኅበራት ሐዘን የደረሰባቸውን ቤቶች በመዝገብ ይዘው በሦስተኛው ወር፥ በስድስተኛው ወርና በዓመቱ መታሰቢያ እንዲጎበኙ አደራ እንላለን።

በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ ደግሞ ሲንቄ አለ። እናት ለልጇ በሠርጓ ቀን የምትሰጣት በትር ናት። ያገባች ሴት ግፍ ሲደርስባት ሲንቄዋን ይዛ ትወጣለች፤ ሴቶች ይከተሏታል፤ ሽማግሌዎችም ጉዳዩን ሳያዩ አያልፉም። በሚዋጉ ወንዶች መካከል ሴቶች ሲንቄ ይዘው ሲቆሙ ጠብ እንዲቆም ልማዱ ያዛል። ይህ የሚያስተምረን አንድ ነገር አለ፦ ማንም ሰው «ተጨንቄ ነው» ብሎ ሚስቱን ወይም ልጁን መምታት አይፈቀድለትም። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2016 ዓ.ም. ባወጡት «የፍቅር ደስታ» በተሰኘው ሐዋርያዊ ምክራቸው በቤት ውስጥ የሚፈጸም ግፍን አጥብቀው ኮንነዋል። የቤተ ክርስቲያን ሕግም (ቀኖና 1153) አንደኛው ተጋቢ በሌላው ወይም በልጆች ላይ ከባድ የሥጋ ወይም የነፍስ አደጋ ሲያመጣ፥ ተበዳዩ ተለይቶ ለመኖር በቂ ምክንያት እንዳለው ይደነግጋል። ይቅርታ ማለት ለዱላ ጀርባን መስጠት ማለት አይደለም።

በላንጋኖ ዳር ተቀምጠን አንድ ነገር ታሰበን። ላንጋኖ መልኩ የደፈረሰ ነው፤ ሆኖም ሆራ ቀሎ በተባለው ወንዝ በኩል ትርፍ ውኃውን ወደ አብጃታ ስለሚያፈስ ውኃው ዓሣ ያኖራል። አብጃታ ግን የሚገባበት እንጂ የሚወጣበት የለውም፤ ፀሐይ ውኃውን እያተነነች ጨውና ሶዳው ይከማቻል። ሰዎችም የሚገባለትን ውኃ ስለቀነሱበት ሐይቁ እየሸሸ ሄደ፤ ዓሣውም አለቀ። ሐዘንም እንዲሁ ነው። መደፍረሱ አይገድልም፤ መውጫ ማጣቱ ግን ይገድላል።

7. በቤት ውስጥ ምን እናድርግ?

ሀ) የቤቱን ሥርዓት እንመልስ። በአንድ ሰዓት መመገብ፥ በአንድ ሰዓት መተኛት፥ ማታ በአንድነት አጭር ጸሎት ማድረስ ለልጅ «ዓለም ገና አልፈረሰም» የሚል ትምህርት ነው።

ለ) ለመናገር ቦታ እንስጥ፤ ማንንም ግን አናስገድድ። ሰውን ወዲያው ያየውን ሁሉ እንዲዘረዝር መጫን እንደማይጠቅም ጥናት አሳይቷል። «ስትፈልግ እሰማሃለሁ» ማለትና ቃልን መጠበቅ ይበቃል።

ሐ) ለልጅ በዕድሜው ልክ እውነቱን እንንገር። «አባትህ ሩቅ አገር ሄዷል» የተባለ ልጅ በየቀኑ መንገድ ይጠብቃል። አልጋ ላይ ስለ ሸና አይመታ፤ አይሰደብ። ግድያና ቃጠሎ የሚያሳዩ የስልክ ምስሎችንም ከልጆች ዓይን እናርቅ።

መ) ባልና ሚስት በሳምንት አንድ ጊዜ፥ ቡና ሲፈላም ቢሆን፥ ስለ ገንዘብና ስለ ሐሳባቸው ይነጋገሩ። ልጆች ባሉበት ሳይሆን፥ ሌሊት በድካም ሰዓትም ሳይሆን ይሁን።

ሠ) መጠጥና ጫትን መድኃኒት አናድርግ። የእንቅልፍ ክኒንም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አንውሰድ።

8. የካቴኪስቱ ድርሻና ወሰን

የዓለም ጤና ድርጅትና አጋሮቹ እ.ኤ.አ. በ2011 ዓ.ም. ያወጡት የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያ በሦስት ቃላት ይጠቃለላል፦ ማየት፥ ማዳመጥ፥ ማገናኘት። ካቴኪስት ይህን ሁሉ ሊያደርግ ይችላል። ማን እንደ ደከመ ያያል፤ ሳይቸኩልና ሳይፈርድ ያዳምጣል፤ የሰማውንም ለማንም አያወራም። ከዚያም ሰውየውን ከካህን፥ ከእድር፥ ከጤና ጣቢያ ያገናኛል። ካቴኪስት ሐኪም አይደለም፤ ሁሉን ልፈውስ ካለ ራሱም ይሰበራል።

ወደ ሕክምና ሳይዘገይ መወሰድ ያለበት ማን ነው? ከወር በላይ የማይተኛና ሥራው የቆመ፥ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ፥ መብላትና መናገር የተወ፥ ልጆቹን የሚጎዳ፥ ከሁሉ በላይ ሞትን የሚመኝ ሰው ነው። «ራስህን ለመግደል አስበሃል ወይ?» ብሎ በፍቅር መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልም፤ እንዲያውም የታፈነውን ያስተነፍሳል። እንዲህ ያለውን ሰው ብቻውን አንተወው፤ የእርሻ ፀረ ተባይ መድኃኒትም ከቤቱ ወጥቶ ይቆለፍበት። እ.ኤ.አ. በ1992 ዓ.ም. የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ ከባድ የአእምሮ ሁከትና ጭንቀት የሰውን ኃላፊነት ሊቀንስ እንደሚችል፥ ራሳቸውን ስላጠፉ ሰዎች መዳንም ተስፋ መቁረጥ እንደማይገባ ያስተምራል፤ ቤተ ክርስቲያን ስለ እነርሱ ትጸልያለች። ይህን በሐዘን ላይ ላሉ ቤተሰቦቻቸው መንገር ግዴታችን ነው።

ለረዥም ዘመን የአእምሮ ሕክምና ሲባል በሁላችን አሳብ የሚመጣው በአዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ስሙም መሳደቢያ እስከ መሆን ደርሶ ነበር። ዛሬ ሕክምናው በሌሎች ሆስፒታሎችም ይሰጣል፤ መንገዱም ከጤና ጣቢያ ይጀምራል። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምራልና፥ ጸሎትና ሕክምና አይጣሉም። በሽተኛን ማሰር፥ «ጋኔን ነው» ብሎ መደብደብ፥ ጸበል ጀመረ ተብሎ መድኃኒቱን ማስጣል በደል ነው።

ማጠቃለያ

ወደ ካቴኪስቱ ጥያቄ እንመለስ። ከጥናቱ በኋላ ወደዚያ ቤት አብረን ሄድን። ስብከት አልሰበክንም። አባትየውን ለብቻው አግኝተን ያችን ሌሊት እንዲነግረን ጊዜ ሰጠነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰ። ከዚያ አንድ ትንሽ ነገር ተስማማን፦ ማታ ሲመጣ በሩን ከማንኳኳቱ በፊት ከውጭ ሆኖ የልጁን ስም ይጠራል። ልጁም የሚከፍተው ድምፁን ከሰማ በኋላ ነው። እናትየው በጤና ጣቢያ በኩል ወደ ሆስፒታል የሚወስደውን ወረቀት እንድታገኝ ካቴኪስቱ ረዱ።

ልጁ ፈጽሞ ዳነ ብለን አንጽፍም። ካቴኪስቱ በቅርቡ ሲያገኙን ግን «አባ፥ አሁን ከአልጋ ሥር አይገባም፤ በሩ ሥር ቆሞ ይጠብቃል» አሉን። ከአልጋ ሥር እስከ በሩ ጥቂት እርምጃ ነው፤ ለዚያ ልጅ ግን ረዥም መንገድ ነበር። መልካሙ እረኛም በጎቹን በየስማቸው እንደሚጠራ ተጽፏል (ዮሐ. 10)። በየቤታችን የፈራውን በስሙ እንድንጠራ እርሱ ይርዳን። አሜን።

ለውይይት የሚረዱ ጥያቄዎች

1. በቁምስናችን ሐዘን ወይም አደጋ ከደረሰበት ከስድስት ወር በላይ የሆነው፥ ነገር ግን ማንም ያልጎበኘው ቤት አለን?

2. በልቅሶ ቤት ብዙ ጊዜ የምንናገራቸው ቃላት የትኞቹ ናቸው? ከእነርሱ ውስጥ የሚያጽናኑት የትኞቹ፥ የሚያቆስሉትስ የትኞቹ ናቸው?

3. ከዐረብ አገር የተመለሰች እኅት ወደ ማኅበራችን ብትመጣ የመጀመሪያ ጥያቄያችን ምን ይሆናል?

4. በአቅራቢያችን ባለው ጤና ጣቢያ ለአእምሮ ሕመም ማንን ማነጋገር እንደሚገባ እናውቃለን? ካላወቅን ከሚቀጥለው ስብሰባ በፊት ማን ጠይቆ ይምጣ?